አሮጌ መጋዝ የማን ሥራ ነው? ዕድሜውስ ስንት ነው?

ከመርካቶ ምናለሽ ተራ እስከ ናይሮቢ ጊኮምባ፣ አሮጌ የእጅ መሣሪያ የምንነግድ ሁሉ ይህን ጥያቄ እንሰማለን። ሻጩ «የእንግሊዝ ነው፣ የድሮ ነው» ይላል፤ ገዢው አናፂም በዚህ ቃል ጨምሮ ይከፍላል። እውነቱን መለየት የሚቻለው መጋዙ ላይ ያለውን ምልክት በማንበብ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከእንግሊዟ ሼፊልድ እንጀምር። ቤንጃሚን ሃንትስማን የተባለ ሰዓት ሠሪ በ1740ዎቹ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ አቅልጦ ጥራቱ ወጥ የሆነ ጠንካራ ብረት አወጣ። በድሮ መጋዞች ላይ የምናነበው «ካስት ስቲል» የሚለው ጽሑፍ ከዚህ ሥራ የመጣ ነው። ከተማዋ በዚህ ሙያ ስሟ ገነነ። ስም ዋጋ ሲያወጣ ደግሞ አስመሳይ አያጣም፤ በጀርመን ዞሊንገን የተሠሩ ርካሽ ቢላዎችና መቀሶች «ሼፊልድ» ተብለው ይሸጡ ጀመር። የብሪታንያ ፓርላማ በ1887 የንግድ ዕቃ ምልክት ሕግ ሲያወጣ አንዱ ምክንያት ይህ ማጭበርበር ነበር። አሜሪካም በ1890 የማኪንሊ ታሪፍ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት አዘዘች። ስለዚህ «ኢንግላንድ» የሚል ቃል ያለበት መጋዝ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። ቃሉ ባይኖር ግን የግድ ከዚያ በፊት ነው ማለት አይደለም፤ ለእንግሊዝ ገበያ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛዋ ከተማ የአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ናት። እንግሊዝ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባው ሄንሪ ዲስተን በ1840 መጋዝ መሥራት ጀመረ። በዲስተን መጋዝ እጀታ ላይ ካሉት ብሎኖች አንዱ ከሌሎቹ ሰፋ ያለ ክብ ማህተም አለው። በ1865 ልጁ ሃሚልተን ሸሪክ ሲሆን ጽሑፉ «ዲስተን ኤንድ ሰን»፣ ማለትም ዲስተንና ልጁ፣ ተባለ። በ1870ዎቹ መጀመሪያ «ኤንድ ሰንስ»፣ ዲስተንና ልጆቹ፣ ሆነ። ስለዚህ ልጁ ነጠላ የሆነበት ማህተም የጥቂት ዓመታት ሥራ ነው። «ልጆቹ» የሚለው ግን ለአሥርት ዓመታት ስለቆየ ብቻውን አይበቃም። አባትየው በ1878 ሞተ፤ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንደሚባለው፣ ቤቱ በ1955 ለኤች ኬ ፖርተር ኩባንያ ሲሸጥም ስሙ አብሮ ተሸጠ።

አሁን ወጥመዶቹን እንይ። ንስር ያለበት «ዋራንትድ ሱፒሪየር» የሚል ማህተም የፋብሪካ ስም አይደለም፤ «ለብልጫው ዋስትና አለው» የሚል ማሞገሻ ነው። ብዙ ፋብሪካዎች፣ ዲስተንን ጨምሮ፣ ተጠቅመውበታል። እሱን ይዞ «የታወቀ ማርክ ነው» የሚል ሻጭ ምንም አልነገረንም። ሁለተኛው ወጥመድ እጀታው ነው። እጀታ ይሰበራል፣ ከሌላ መጋዝ ተነቅሎ ይገጠማል፤ ማህተሙም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ የእጀታው ማህተምና የብረቱ ጽሑፍ መስማማታቸውን እናረጋግጥ።

የብረቱ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በአሲድ የተጻፈ ስስ ነገር ነው፤ ከዝገቱ ሥር ተደብቆ ይቆያል። መጋዙ እንዲያብረቀርቅ በሞተር የሚፍቁ ልጆች ስሙን አብረው ይፍቁታል፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው የለም። ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሎ፣ ዘይት ጠብ አድርጎ ቀስ ብሎ ማሸት ይሻላል።

በንግድ ትምህርት ቤት የንግድ ምልክት የባለቤቱ መብት ነው ተብለን ተምረናል። የመጋዝ ታሪክ ግን ምልክት ለገዢውም ከለላ መሆኑን ያሳየናል። ስለዚህ ስንሸጥ ያነበብነውን ብቻ እንናገር፤ ያላነበብነውን ስም በአፋችን አንለጥፍበት።