ከካባው ሥር ያለው ነጭ ልብስ

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ከተዘረፈው ንብረት መካከል የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ልብስ ይገኝበታል። በሐር ክር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ነው፤ ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተቀምጧል። ጎብኚ ሐሩን አድንቆ ያልፋል። እኔን የሚስበኝ ግን ጥጡ ነው።

የጥሩወርቅ ጥጥ ከየት እንደተለቀመ ማን ያውቃል? የሸዋ እመቤቶች ከካባቸው ሥር የሚለብሱት ነጭ ልብስ ጥጥ ግን ከቆላ ይመጣ ነበር። የመንዝ ደጋ በግ አለው፤ ከሱፉ በርኖስ ይሠራበታል። ጥጥ ግን ሙቀት ይሻል፤ ሸዋ ሮቢትን ይዞ ወደ አዋሽ የሚወርደው የይፋት ቆላ ደግሞ ሙቀት አያጣም። እንግሊዛዊው ካፒቴን ሃሪስ በ1833 ዓ.ም. ከሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ሲደርስ፣ ከአንኮበር ግርጌ በአልዩ አምባ ዓርብ ዓርብ ጥጥ የሚሸጥበት ገበያ ይደራ ነበር፤ መገበያያውም አሞሌ ጨው ነበር።

ሥራው የሚበዛው ከገበያ መልስ ነው። ጥጡ ድንጋይ ላይ በብረት ዘንግ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣለታል፤ በደጋን ተነድፎ ይፍታታል፤ አመልማሎ ሆኖ ወደ ሴቶቹ እንዝርት ይገባል። ድሩ ከርሮ ይፈተላል፤ ሽመናው ላይ ተወጥሮ ስለሚፋተግ የላላ ክር ይበጠሳል። ማጉ ግን ላላ ይላል፤ የልብሱ ልስላሴና ሙቀት ከእሱ ነው። አንድ ጥሩ ፈታይ ይህን ልዩነት በጣቷ ጫፍ ታውቀዋለች። ሸማኔው ልቃቂቱ ሳይሞላ ምንም ማድረግ ስለማይችል፣ የዘመኑን የልብስ ሥራ ፍጥነት የወሰነው ሸማኔው ሳይሆን እንዝርቱ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ይሸምናል። መወርወሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ስለሚያቀባብል የጨርቁ ወርድ ከክንዱ አያልፍም፤ ሰፊ ልብስ ሲፈለግ ሁለት ወርድ ጎን ለጎን በእጅ ይሰፋል። መርፌውን የሚይዘውም አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነበር፤ ሴቷ ስትፈትል ወንዱ ሲሰፋ ያዩ የውጭ ተጓዦች በነገሩ ተገርመዋል።

ቀዩ ጥለት ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ደማቅ ቀይ ክር እንደልብ ስለማይገኝ፣ ከባሕር ማዶ ተሸምኖ የመጣ ቀይ ጨርቅ ይገዛና ይተረተር ነበር፤ ክሩም የቆላውን ነጭ ጥጥ ጠርዝ ያስጌጥ ነበር። የሕንድ ሸማኔ የደከመበት ጨርቅ አንኮበር ደርሶ እንደገና ክር ይሆን ነበር።