አበባዋ የምትከፈትባት ሰዓት

ጠጋ በሉ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። የዛሬው ትረካዬ የንጉሥም የጀግናም አይደለም፤ የአንዲት አበባ፣ የብራና እና የጨው ነው። ጨው ስላችሁ አሞሌ እንዳይመስላችሁ። አሞሌም ግን አለበት፤ ጊዜው ሲደርስ አመጣዋለሁ። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ ሰዓቱን ግን በእኛው።

ከጤፍ ልጀምር። አክስቴ ሰፌዷን ይዛ ስታበጥር አጠገቧ ተቀምጬ ነው ያደግሁት። አንዲት ፍሬ ከሰፌዱ አምልጣ መሬት ከነካች ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። «ጤፍ የተባለውስ ስለሚጠፋ አይደል!» ትል ነበር። የቋንቋ ሊቃውንት ይስማሙ አይስማሙ እነሱ ያውቃሉ። አንድ ግራም ጤፍ ውስጥ ግን ከ2,500 እስከ 3,000 ፍሬ እንደሚገኝ የቆጠሩ ሰዎች አሉ። ማን ትዕግሥት ኖሮት ቆጠረው? የዛሬዎቹ ባለታሪኮቼ እንዲህ ያለውን ነገር ቁጭ ብለው የሚቆጥሩ ናቸው።

ፍሬዋ ይህን ያህል ካነሰች አበባዋን አስቧት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የተሻለ ዘር ለማውጣት የሚፈልግ ተመራማሪ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ገበሬው ማሳ ገብቶ፣ ካለው ውስጥ ደህና ደህናውን መርጦ ማባዛት ነው። ሁለተኛው የአንዱን ዝርያ ጠባይ ከሌላው ጋር ማዳቀል ነው፤ በስንዴም በበቆሎም የተደረገው ይኸው ነው። ጤፍ ግን ለሁለተኛው እምቢ አለች። አበባዋ ወንዴውንም ሴቴውንም በአንድ ቅርፊት ውስጥ ይዛ፣ ሰው ሳያያት፣ ጉዳይዋን ለብቻዋ ጨርሳ ትገኛለች። ባለሙያ ቀርቦ ሲያያት ዝግ ናት። ስለዚህ «የጤፍ አበባ አትከፈትም፤ ጤፍም አይዳቀልም» ተብሎ ታመነ። ሥራውም ለዓመታት በመምረጥ ብቻ ሄደ።

እኔ እንደምጠረጥረው ጥፋቱ የአበባዋ ሳይሆን የቢሮ ሰዓት ነበር። ቁርሱን በልቶ፣ ስሙን ፈርሞ፣ ከጠዋቱ 2:30 ላይ ማሳ ለሚደርስ ሰው አበባዋ ምን ታድርግለት? በ1970ዎቹ አጋማሽ ታረቀ በርሄ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በማለዳ አዩዋት። ከጠዋቱ 12:45 ገደማ፣ ጤዛው ገና ሳይረግፍ፣ ያቺ ዝግ የተባለች አበባ ቅርፊቷን ፈልቀቅ ታደርጋለች። እስከ 1:30 ድረስ እንዲያ ትቆያለች። ከዚያ ትገጥማለች። በቃ፣ 45 ደቂቃ! ይህን ያህል ዘመን ስንበላት፣ ስናጭዳት፣ በበሬ ስናበራያት፣ በየማለዳው ደጇን ከፍታ ትዘጋ ኖሯል።

ሰዓቷ ከታወቀች ወዲያ የመጣው ሥራ ደግሞ የዓይን እሳት ነው። እናት እንድትሆን የተመረጠችውን አበባ ዋዜማውን ማይክሮስኮፕ ሥር ታስገቧታላችሁ። በጣም በቀጠነ መርፌ ቅርፊቷን ገለጥ አድርጋችሁ፣ በውስጧ ያሉትን ሦስት የወንዴ ዘር ከረጢቶች ሳይፈነዱ አንድ በአንድ ትለቅማላችሁ። እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ሴቴውን ወጋችኋት ማለት ነው፤ ሌላ አበባ ፈልጉ። ቀንቷችሁ ካደረ፣ በማግስቱ በዚያችው የማለዳ ሰዓት አባት ከተባለው ዝርያ ብናኝ አምጥታችሁ ታስነኳታላችሁ። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ፣ ሁሉም ነገር ከተሳካ፣ ከአንዲት አበባ የምታገኙት ስንት ፍሬ መሰላችሁ? አንዲት። ያቺው ከአክስቴ ሰፌድ የምታመልጠው፣ አንዲት የጤፍ ፍሬ።

ከእንዲህ ዓይነቷ ፍሬ ነው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ የተወለደው። ማኛ የሚሏት ዝርያ ነጭ ናት፣ ገበያ ይሻማባታል፤ ምርቷ ግን ሆድ አይሞላም። ዱከም የሚሏት ደግሞ ትሰጣለች፤ ግን የፍሬዋን መልክ ገዢ እንደ ማኛ አልወደደላትም። የደብረ ዘይት የምርምር ማእከል ሰዎች ሁለቱን አጋቡ። ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ልጅ እያሉ ዘሩ እስኪረጋ ዘሩ፣ መረጡ፣ ዘሩ። ቁንጮ ለገበሬ የተለቀቀው በ2006 ነው። የማለዳዋ ሰዓት ከታወቀች 30 ዓመት ሆኗት ነበር ማለት ነው። በሰነድ ላይ ስሙ ዲዜድ-ሲአር-387 ነው። ገበሬ ይህን ቢሰማ ይስቃል፤ «ቁንጮ» ማለት የቻለ ሰው ግን ነጋዴነትም ሳይኖርበት አልቀረም።

ልብ አድርጉ፤ ማኛም ዱከምም ከሰማይ አልወረዱም። ሁለቱም ከገበሬ ጎተራ፣ ከጥንቱ ዘር የተመረጡ ናቸው። ጎተራው ባዶ ቢሆን የሚዳቀልም የለም። ይህን ቀድመው የተረዱ ሰዎች በ1976 አዲስ አበባ ላይ የዕፅዋት ዘር ባንክ ከፈቱ፤ ዶክተር መላኩ ወረደ ለብዙ ዓመታት መሩት። በ1977ቱ ድርቅ፣ ይቅርታ ይህቺ በእኛ አቆጣጠር ናት፣ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን ቆልቶ ሲበላ የእነሱ ሥራ ዘሩ ሳያልቅ መድረስ ነበር። ዶክተር መላኩ በ1989 በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ይህንኑ ሽልማት የተቀበሉ ሌሎች ሁለት ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ እና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ። የእነዚህን የሁለቱን የእንዶድ ሥራ ታውቁታላችሁ፤ በ1964 አድዋ ላይ፣ ልብስ አጣቢዎች እንዶድ ከሚያሹበት ቦታ ዝቅ ብሎ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲንሳፈፉ የታዩበትን። ትምህርት ቤት ስለተነገራችሁ አልደግመውም።

1976 ብዬ የለ? ያቺን ዓመት ያዙልኝ። የዘር ባንኩ በተከፈተበት ዓመት አንድ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሊቅ ከነቤተሰባቸው አሜሪካ፣ ሚኔሶታ ገቡ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ የሸንኮራው ልጅ።

የእሳቸውን ለመንገር ግን ትንሽ ወደኋላ መመለስ አለብኝ። ሚኔሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል የምትባል ቦታ የቤኔዲክት ሥርዓት መነኮሳት ገዳም አለ። እነዚህ መነኮሳት የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ያዩ ናቸው። «ሌላ ጦርነት ከመጣ የአውሮፓ ገዳማት መጻሕፍት አመድ ይሆናሉ» ብለው ከ1965 ጀምሮ በማይክሮፊልም ያነሷቸው ጀመር። በ1973 ተራው ለኢትዮጵያ ደረሰ። የገዳማትና የአድባራት ብራናዎች ቅጠል በቅጠል እየተገለጡ ፎቶ ይነሡ ጀመር፤ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ይቀራል፣ አንዱ ኮሌጅቪል ይሄዳል። 1973! በዓመቱ ንጉሡ ወረዱ። ሥራው አንድ ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ጨርሶ ይጀመር ነበር ወይ? እኔ እጠራጠራለሁ።

በኦክቶበር 1975 ወታደሮች ፕሮፌሰር ጌታቸው ቤት መጡ። ተኩስ ተከፈተ፤ ጥይቱ አከርካሪያቸውን መታቸው። ነፍሳቸው ተረፈ፤ እግራቸው ግን ከዚያ ወዲያ አልተራመደም። የሆነውን በዝርዝር መንገር የእኔ ፋንታ አይደለም፤ እሳቸው ራሳቸው «አንዳፍታ ላውጋችሁ» ብለው ጽፈዋል፣ ከባለቤቱ ስሙት።

እንግዲህ እኚህ ሰው ከአገራቸው በተሰደዱ በዓመቱ የአገራቸው ብራና በፊልም ጥቅል ሆኖ ጠበቃቸው። ውጭ በረዶ፣ ውስጥ የፊልም ማንበቢያው መብራት። ሥራቸው ካታሎግ ማዘጋጀት ነበር። ካታሎግ ሲባል የዕቃ ዝርዝር እንዳይመስላችሁ። የሚታያችሁ ጥቁርና ነጭ ጥላ ነው፤ ቀይ ቀለሙን እንኳ ከጥቁሩ በግምት ትለያላችሁ። መጽሐፉ የት ይጀምራል? መጀመሪያው ቅጠል ተቀድዶ ከሆነስ? ጸሐፊው ስሙን ካልነገራችሁ ዘመኑን በምን ታውቃላችሁ? በፊደሉ አጣጣል ታውቃላችሁ፤ የ14ኛው መቶ ዓመት «መ» የ18ኛው መቶ ዓመት «መ» አይደለም። በጸሎቱ መካከል የሚነሣው ንጉሥ ማነው? ጳጳሱስ? እንዲህ እያላችሁ ዙሪያውን ትከብቡታላችሁ።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ዳር ዳሩ ነው። ብራና ውድ ነው፤ ፍየሉ ታርዶ፣ ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ባዶ ቦታ ሲገኝ ሰው ሁሉ ይጽፍበታል። የወንጌሉ ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታ አለ፣ ማን ለማን ጉልት እንደሰጠ ከነምስክሮቹ። የቤተ ክርስቲያኑ ንዋየ ቅድሳት ዝርዝር አለ። መጽሐፉን የሰረቀና የፋቀ የተወገዘ ይሁን የሚል አለ፤ ይህ እንኳ የሌለበት የለም። ታሪክ ጸሐፊ የሚኖረው በዚህ ፍርፋሪ ነው። ፊልም ከተነሡት መካከል የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአባ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል አለ፤ 1280 ወይም 1281 ላይ የተጻፈ። ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን መከራ የተቀበሉት መነኮሳት፣ በራሳቸው አንደበት የሚናገሩባቸው መጻሕፍት አሉ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው እነሱን ወደ አማርኛ አምጥተው አነበብናቸው። በሥልጣን የተገፋውን ሰው ድምፅ የሚያነብ ደግሞ በጥይት የተገፋ ሰው ሲሆን... ይቅር፣ ይህን አላራዝመውም። በ1988 የማካርተር ሽልማት ተሰጣቸው።

አሁን ወደ ጨው ልምጣ። ጌታቸው በተሰደዱ ጊዜ ከልጆቻቸው አንዷ ሶስና ነበረች፤ በ1966 ነው የተወለደችው። ያኔ ትንሽ ልጅ ናትና አንቱ አልላትም፤ በኋላ ፕሮፌሰር ስትሆን እላታለሁ። በአሜሪካ ሥርዓት የአያቷ ስም የቤተሰብ ስም ሆነና ሶስና ኃይሌ ተባለች። አባቷ የሺህ ዓመት ነገር በሚያነቡበት በዚያው ግቢ ካለው ትምህርት ቤት ተመርቃ፣ ኤም አይ ቲ ገባች። አባት ለብራና፣ ልጅ ለኤሌክትሪክ።

ሥራዋ የሆነውን፣ ፊውል ሴል የሚባለውን ልንገራችሁ። በአንድ ጎኑ ሃይድሮጂን፣ በሌላው ኦክስጅን ይገባል። በመካከል ግድግዳ አለ። ግድግዳው የሃይድሮጂኑን ፕሮቶን ብቻ ያሳልፋል፤ ኤሌክትሮኑን «አንተ ዞረህ ና» ይለዋል። ኤሌክትሮኑ በሽቦው ሲዞር እሱ ነው መብራቱ፣ እሱ ነው ሞተሩ። መጨረሻ ላይ ተገናኝተው የሚወጣው ጭስ ሳይሆን ውሃ ነው። ጣጣው ግድግዳው ላይ ነው። ከፕላስቲክ መሰል ነገር የሚሠራው እርጥበት ካላገኘ አይሠራም፤ ስለዚህ ብዙ ማሞቅ አይቻልም። ከሸክላ መሰሉ የሚሠራው ደግሞ ብረት የሚያቀላ ሙቀት ይፈልጋል። መካከለኛው ቦታ ባዶ ነበር።

ለመካከለኛው የሚሆን ነገር አልታጣም፤ ደረቅ አሲድ ይሉታል፤ ሲዝየም ሃይድሮጅን ሰልፌት አንዱ ነው። ሲያዩት ጨው ነው። 141 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ግን ውስጡ ላላ ይልና ፕሮቶኖቹ እንደ ልጅ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘላሉ። ታዲያ ምን ቸገረ? ቸገረ እንጂ፤ ጨው ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ፊውል ሴል ደግሞ ውሃ ያመነጫል። በገዛ ላቡ የሚቀልጥ ግድግዳ ማን ይሠራል? ተወው ተባለ።

አሞሌውን አሁን አመጣሁት። አያቴ በክረምት አሞሌዋን የምታኖረው ከምድጃው በላይ፣ ጭሱና ሙቀቱ በሚያገኘው ቆጥ ላይ ነበር። እርጥበት እንዳይበላው። ፕሮፌሰር ሶስና አያቴን አያውቋትም፤ ያደረጉት ግን የእሷን ነው። ሴሉን ሁልጊዜ ከ100 ዲግሪ በላይ አቆዩት። ውሃው እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፤ እንፋሎት ጨዉን አያሟሟውም። በ2001 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ሴል ከ150 እስከ 160 ዲግሪ ላይ ይሠራ ነበር። ነገሩ በዚያ አላለቀም፤ ሰልፌቱን ሃይድሮጂኑ ቀስ በቀስ ይበላው ጀመር። ሰልፌቱን ትተው በፎስፌት ተኩት፤ በ2004 ይህም ታተመ። አያቴ ብትሆን «አሞሌው ካላዋጣ ሌላ ጨው ሞክሪ» ትል ነበር።

ፕሮፌሰር ጌታቸው በ2021 ዐረፉ። ከ1973 ወዲህ ፊልም የተነሡት ብራናዎች 9,000 ገደማ ናቸው። አሥረኛው የካታሎግ ጥራዝ የታተመው በ1993 ነው፤ 5000ኛው ቁጥር ላይ ይቆማል። ሰው ያን ያህል ዕድሜውን ከፍሎ እንኳ የደረሰው ግማሹን ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። የቀረው ዛሬ በኮምፒውተር ይታያል፤ ፊደላችንም በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ ስለ ብራናው በገዛ ፊደሉ መጻፍ ቀልሏል። ሌሎች ሰዎች፣ ወጣቶችም አሉባቸው፣ ስክሪናቸው ላይ አጎንብሰው ከ5001 ቀጥለዋል፤ ንጉሡ ማነው፣ ጳጳሱ ማነው፣ የጠፋው ቅጠል የት ገባ እያሉ።