የቤተ ሰብ ምስክርነት በአልዛይመር በሽታ ታሪክ

የአልዛይመር በሽታ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው በሐኪሙ ነው። ሐኪሙ ታማሚዋን ጠየቁ፤ ከሞቱም በኋላ አንጎላቸውን በማጉያ መሣሪያ መረመሩ፤ በሽታውም በሐኪሙ ስም ተጠራ ይባላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከሐኪሙ አስቀድሞ ነገሩን ያየና የተናገረ ሰው ነበረ፤ እርሱም የታማሚዋ ባል ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የቤተ ሰብ ቃል በዚህ ታሪክ ውስጥ መቼ እንደ ተሰማና መቼ እንዳልተሰማ ለማሳየት እንሞክራለን። የዘመኑ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ወይዘሮ አውጉስተ ዴተር በ1850 ካስል በምትባል የጀርመን ከተማ ተወለዱ። ባላቸው አቶ ካርል ዴተር በፍራንክፈርት የምድር ባቡር ጸሐፊ ነበሩ፤ አንዲት ሴት ልጅም ነበረቻቸው። አቶ ካርል ለሐኪሞች እንደ ተናገሩት፥ በ1901 ሚስታቸው ከጎረቤት ሴት ጋራ ሄደሃል ብለው በድንገት ጠረጠሯቸው። ከዚያ በኋላ ወጥ ይበላሽባቸው ጀመር፤ የገንዘብ አያያዝ ጠፋባቸው፤ ዕቃ ይደብቃሉ፤ ከክፍል ወደ ክፍል እየተንጎራደዱ ይውላሉ፤ ያለ ጉዳይ የጎረቤት ደወል ይደውላሉ። የመጀመሪያው ምልክት መርሳት ሳይሆን ቅናት መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ወደዚያ ቤት በሽታው የገባው የባልና የሚስት ጠብ መስሎ ነው። ባልየው ለወራት ያስታመሙት በሽታ መሆኑን ሳያውቁ ነበር ማለት ይቻላል፤ በዚያ ላይ ተከሳሹ እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

በኖቬምበር 25 ቀን 1901 ሕዝቡ «የእብዶች ግንብ» ይለው ወደ ነበረው የፍራንክፈርት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ወሰዷቸው። ዕድሜያቸው 51 ዓመት ነበር። ዶክተር አሎይስ አልዛይመር ስማቸውን ሲጠይቋቸው አውጉስተ አሉ። የባልዎ ስም ማን ነው ቢሏቸው፥ ጥቂት አስበው ያንኑ አውጉስተ የሚለውን ደገሙ። የአሳማ ሥጋና የአበባ ጎመን እየበሉ ሳለ ምን እንደሚበሉ ቢጠየቁ ቆስጣ ነው አሉ።

ወይዘሮ አውጉስተ በኤፕሪል 8 ቀን 1906 ሞቱ። በዚያን ጊዜ ዶክተር አልዛይመር ወደ ሙኒክ ተዛውረው ስለ ነበር አንጎላቸውና የሕክምና መዝገባቸው ወደዚያ ተላከ። በብር ማቅለሚያ በታየው አንጎል ውስጥ ዶክተሩ በሴሎች መካከል የረጋ ባዕድ ነገር፥ በሴሎችም ውስጥ የተወሳሰቡ ክሮች አገኙ። በኖቬምበር 3 ቀን 1906 ቱቢንገን ላይ ለሐኪሞች ጉባኤ ቢያስረዱ አንድም ጥያቄ የጠየቀ አልነበረም። አለቃቸው ኤሚል ክሬፔሊን ግን በ1910 ባሳተሙት መጽሐፍ በሽታውን በአልዛይመር ስም ጠሩት።

ችግሩ የመጣው ከዚህ ስም ጋራ ነው። ወይዘሮ አውጉስተ ገና ያላረጁ ስለ ነበሩ፥ ስሙ ከ65 ዓመት ዕድሜ ገደማ በፊት ለሚታመሙ ሰዎች ብቻ የተሰጠ ሆኖ ቀረ። አባቷ በ75 ዓመታቸው ስሟን የረሱባት ልጅ ወደ ሐኪም ብትሄድ መልሱ እርጅና ነው የሚል ነበር። ከስድሳ ዓመት በላይ እንዲህ ተኖረ።

እኛም አገር ይህ መልስ እንግዳ አይደለም። «ጃጅተዋል» ስንል የምንናገረው ስለ ዕድሜ ነው እንጂ ስለ በሽታ አይደለም። በርግጥ ቃሉ ደግ ጎን አለው፤ ሽማግሌው እብድ ተብለው አይሸሹም፥ ከማዕድም አይለዩም። ነገር ግን ሌሊት በር እየጠበቀች የምታድረው ሴት ልጅ ወይም ምራት አስታማሚ አትባልም። በሽታ ያልተባለ ነገር ማስታመም ስለማያሰኝ፥ ድካሟ ከቤት ሥራ እንደ አንዱ ይቈጠራል። የአውሮፓው ሐኪም በመጽሐፍ ያሰመረውን ወሰን እኛ በቃል አስምረነው ኖረናል ብንል የተጋነነ አይመስለንም።

ወሰኑን ለማፍረስ ሳይንሱ ቀደመ። በ1968 በእንግሊዝ አገር ኒውካስል ብሌስድ፥ ቶምሊንሰንና ሮት የተባሉ ሐኪሞች በጃጁ ሽማግሎች አንጎል ውስጥ ያንኑ ለውጥ መዝነው አሳዩ። በ1976 አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ካትዝማን የሽማግሎቹም ሕመም ያው አልዛይመር ነው ብለው ጻፉ። እንግዲህ ጥቂት የነበሩት ሕሙማን በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ሆኑ፤ ቤተ ሰቦችም እርስ በርሳቸው ተዋወቁ። በ1978 በካናዳ፥ በ1980 በአሜሪካ ማኅበር ቆመ። የአሜሪካውን ካቆሙት አንዱ ጄሮም ስቶን ሐኪም አልነበሩም፤ የቺካጎ ነጋዴና የታማሚ ሚስት ባል ነበሩ። በ1981 ናንሲ ሜስና ፒተር ራቢንስ ለአስታማሚዎች የጻፉት መጽሐፍ «የ36 ሰዓት ቀን» ተባለ፤ ያስታመመ ሰው ስሙን ለማስረዳት ሐተታ አያስፈልገውም። በ1983 ፕሬዚዳንት ሬገን የኖቬምበርን ወር ለዚህ በሽታ መታሰቢያ አደረጉ። በ1994 በዚያው ወር ራሳቸው መታመማቸውን ለሕዝብ በጻፉት ደብዳቤ፥ ሚስታቸውን ከሚመጣው ሸክም ለማዳን አለመቻላቸው እንደሚያሳዝናቸው ገለጡ።

የወይዘሮ አውጉስተ መዝገብ ግን ጠፍቶ ነበር። በዲሴምበር 1995 በፍራንክፈርት ተገኝቶ በ1997 ስለ እርሱ ተጻፈ። የዶክተሩ የእጅ ጽሕፈት፥ ስማቸውን ጻፉ ሲባሉ «ወይዘሮ» ብለው ጀምረው የቀረውን የረሱበት ወረቀት፥ አቶ ካርልም ስለ ሚስታቸው የተናገሩት ቃል በአንድነት ይገኙበታል።