በክፉ ቀን ዘር የዘሩ ሰዎች

ወጣቶች ሆይ፥ ስለ ተስፋ መቍረጥ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተሰብኳል። እኔ ግን ዕድሜዬን በሙሉ ያስተማርሁት ታሪክ ስለሆነ፥ የደከመ ልብ እንዴት ይታደሳል ተብዬ ስጠየቅ አባቶቻችን ወዳሳለፉት ዘመን መመልከት ይቀናኛል። ለዚህም ጕዳይ ጐንደርና አካባቢዋ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ካዩት መከራ የሚበልጥ ምሳሌ አይታየኝም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ የቈረቈሯት ጐንደር በዚያን ጊዜ የቀድሞው ክብሯ ርቋት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማይቱን አስዘርፈው፥ አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጥለው ነበርና ቍስሏ ገና አልሻረም። በጥር 1880 ዓ.ም. ደግሞ በሐምዳን አቡ አንጃ የሚመራው የደርቡሽ ጦር በመተማ በኩል ገሥግሦ፥ በደምቢያ ሳር ውሃ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ነሣ። ከዚያም ወደ ከተማዋ ወጥቶ ዘረፈ፥ አቃጠለ፥ ብዙ ሰውም ማርኮ ወሰደ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ዮሐንስ ራሳቸው መተማ ላይ ቈስለው ሞቱ። ሕዝቡ ቤቱን አጥቶ፥ ቤተ ክርስቲያኑን አጥቶ፥ አሁን ደግሞ ንጉሡን አጣ።

ከሰይፍ የተረፈውን የከብት በሽታ ጠበቀው። በሽታው በምጽዋ በኩል ከባሕር ማዶ ከመጡ ከብቶች ተነሥቶ ወደ ደጋው የተዛመተ ሲሆን፥ ገበሬው «ደስታ» ይለዋል። እንዲህ ያለውን ጥፋት ደስታ ብሎ የጠራ ሕዝብ ምሬቱ ምን ያህል እንደ ነበረ አስቡት። ከመቶው ከብት ዘጠና ያህሉ አለቀ ይባላል። ከተማ ያደገ ልጅ ይህን ሲሰማ ሥጋና ወተት ብቻ የጐደለ ይመስለው ይሆናል፤ ነገሩ ግን ከዚያ የከፋ ነው። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለ እህል የለም። ዝናቡም ጐደለ፤ የበቀለውንም አንበጣና ተምች በላው። የጐንደር ጐተራ የነበረችው ደምቢያ ጦም አደረች። ሰው በየመንገዱ ወደቀ፤ አውሬም ሰውን ደፈረ። ሽማግሎች ዘመኑን «ክፉ ቀን» ብለው ጠሩት፤ ሌላ ስም አላስፈለገውም።

ይህን በክፍል ውስጥ ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አንሥቶ፥ «መምህር፥ ታዲያ ሰዎቹ እንዴት ተነሡ?» ሲል ጠየቀኝ። የመማሪያው መጽሐፍ ስለ ነገሥታቱና ስለ ጦርነቱ ይናገራል እንጂ ስለዚህ አይናገርም ነበር። ጥያቄው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልቤ አልወጣም፤ ልጁ የጠየቀኝ ስለ 1880 ብቻ አለመሆኑን ፊቱ ይናገር ነበርና።

መልሱን ያገኘሁት ከእርሻው ላይ ነው። ዝናብ በመጣ ጊዜ ጥቂት ገብስ የቀረው ሰው ሁለት መንገድ ነበረው፤ ገብሱን ቈልቶ ለልጆቹ መስጠት፥ ወይም አፈር ውስጥ መቅበር። ልጅ በራብ እያለቀሰ ዘርን መቅበር ምን ማለት እንደ ሆነ እስቲ አስቡት። ያ ገበሬ በዚያች ሰዓት ልቡ በተስፋ ተሞልቶ ነበር ብዬ አላምንም። እጁ ግን ዘራ። ብዙዎቻችን እምነት ማለት የልብ ሙቀት ይመስለናል፤ ስለዚህም ልባችን ሲቀዘቅዝ እምነታችን የጠፋ መስሎን እንደነግጣለን። በእኔ አስተያየት የዚያ ሰው እምነት በእጁ ላይ ነበረ፤ ልቡ የተከተለው ቡቃያውን ካየ በኋላ ነው።

ዘሩን ለልጆቹ ቈልቶ ያበላውንም ሰው ቢሆን አልፈርድበትም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ከተማርኋቸው ታሪኮች ሁሉ ጐልቶ የቀረብኝ፥ ኤልያስ ሞቱን እየለመነ ከክትክታ ዛፍ በታች የተኛበት ነው። መልአኩ መጥቶ ስለ ድካሙ አልገሠጸውም፤ ስለ ትጋትም አልሰበከለትም። ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ነቢዩም በልቶ እንደ ገና ተኛ፤ ዳግመኛም ቀስቅሶ መገበው። አርባ ቀን የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ለወደቀ ሰው «በርታ» ማለት ብቻውን የሚበቃ የሚመስላቸው ሰባክያን ይህችን ምዕራፍ ደግመው ቢያነቧት ደስ ይለኛል።

ወደ ገበሬው ልመለስ። በሬ ያለቀበት ሰው በዶማ ቈፈረ። ይህ ዛሬ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሞፈርና ቀንበር ለለመደ አራሽ በዶማ መቈፈር እንደ ውርደት የሚታይ ነበር። በሸዋም ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መቈፈሪያ ይዘው መሬት መቈፈራቸው እስከ ዛሬ የሚነገረው ስለዚህ ነው። ንጉሡ አዋጅ ብቻ አስነግረው ቢሆን ኖሮ መኳንንቱ ሰምተው ባለፉ ነበር፤ የንጉሥ እጅ አፈር ሲነካ ካዩ በኋላ ግን የሚያፍር ሰው ምክንያት አጣ።

አንድ በሬ የተረፈለት ደግሞ መቀናጆ ነበረለት። መቀናጆ ዛሬም በገጠራችን ያለ ልማድ ነው። አንድ በሬ ብቻውን አይጠመድም፤ የሁለት ድሆች በሬዎች ግን አንድ ጥማድ ይሆናሉ፤ ዛሬ በአንተ ማሳ፥ ነገ በእኔ ማሳ እየተባለ ይታረሳል። ለዚህ ግን አስቀድሞ የጎረቤትን ደጅ መምታት ያስፈልጋል። በረዥሙ የማስተማር ዘመኔ እንዳየሁት፥ ልቡ የደከመ ወጣት መጀመሪያ የሚያደርገው መደበቅ ነው። ከትምህርት ይቀራል፥ ከጓደኛ ይርቃል፥ የቀረውን አንድ በሬ ያፍርበታል። ጎረቤቱም በአንድ በሬ እየተጨነቀ መሆኑን አያውቅም።

በዚያ ዘመን ከእሳት ከተረፉት አንዷ ታላቁ ኢያሱ ያሠሯት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ናት። የጐንደር ሰዎች፥ ንብ ከቅጥሩ ወጥቶ ደርቡሽን አባረረ ይላሉ። በሚሲዮን ያደግሁ በመሆኔ እንዲህ ያለውን ነገር ዝግ ብዬ መስማት ተምሬአለሁ። ይሁን እንጂ ተማሪዎቼን ይዤ በወጣሁ ቍጥር፥ ረድፍ ሠርተው ከጣራው ወደ ታች የሚመለከቱትን የመላእክት ፊቶች አይቼ፥ በራብ ከሳስቶ፥ ዘመዶቹን ቀብሮ እዚያ የቆመውን ሰው አስባለሁ። ሁሉ በጠፋበት ጊዜ አንድ የቀረ ነገር ቀና ብሎ ማየት ለዚያ ሰው ትንሽ ነገር አልነበረም።

ከብቱም ቀስ በቀስ ረባ፤ ደምቢያም ታረሰች። በሽታው ግን በየጊዜው እየተመላለሰ ገበሬውን ከመቶ ዓመት በላይ አስጨነቀው። በብዙ አገሮች ከብቱ በየመንደሩ ሲከተብ ከኖረ በኋላ በ2003 ዓ.ም. ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። በመጨረሻዎቹ የማስተማር ዓመቶቼ ስሙን በክፍል ውስጥ ስጠራ፥ ከገጠር የመጡት ልጆች እንኳ ደስታን የሚያውቁት በአንድ ትርጕሙ ብቻ ነበር።