የዝምታ ጅረት

ሙዚቃ የሚወድ ሰው ስለ ድምፅ ብዙ ያወራል፤ ስለ ዝምታ ግን እምብዛም። ዘፋኙ ገና ሳይጀምር፣ የሸክላው መርፌ ባዶውን ጠርዝ በሚጭርባት በዚያች ቅጽበት፣ በአምፕሊፋየሩ ሆድ ውስጥ ምን ይካሄድ ይሆን? እኔ የባንክ ሠራተኛና የግጥም ወዳጅ እንጂ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ አይደለሁም። መልሱን ስፈልግ ግን ያገኘሁት ታሪክ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆችም የሚነገር ሆኖ ስለታየኝ ላካፍላችሁ ወደድሁ። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍሁት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዘፋኙ ዝም ባለበት ጊዜም እንኳ በመሣሪያው ውስጥ ጥቂት ኮረንቲ ይፈሳል። ባለሙያዎች የዚህን ኮረንቲ መጠን የሚወስነውን ቅንብር «ባያስ» ይሉታል፤ የሚፈሰውን ደግሞ እኔ የዝምታ ጅረት ብዬዋለሁ። ነገሩ የገባኝ በራሴ ሥራ ምሳሌነት ነው። ገንዘብ ከፋይ መስኮቱን ከመክፈቱ በፊት መነሻ ገንዘብ በመሳቢያው ይይዛል። ገንዘቡ ካነሰ የመጀመሪያው ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከበዛ ደግሞ ለአደጋ ይጋለጣል። አምፕሊፋየርም እንዲሁ ነው፤ ድምፅ ሳይመጣ በፊት ልክ ያለው መነሻ ያስፈልገዋል።

እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ የመጀመሪያውን ቫልቭ በ1904 ሠራ። ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት ግሪድ የተባለ ሦስተኛ አካል በመካከሉ አስገባበት። በቫልቩ ውስጥ ከጋለው ካቶድ የሚነሡት ኤሌክትሮኖች ወደ አኖድ ይጋልባሉ፤ ግሪዱ መንገዳቸው ላይ ቆሞ በኔጌቲቭ ቮልቴጅ ይገታቸዋል። ልጓም ማለት ነው። ልጓሙ ከላላ ጅረቱ ይበዛና አኖዱ እንደ ፍም ይቀላል፤ ቫልቩም ዕድሜው ያጥራል። ልጓሙ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደግሞ ድምፁ ይጎዳል። በብዙ አምፕሊፋየሮች ውስጥ ሁለት ቫልቮች አንዱን የድምፅ ሞገድ ተካፍለው ይሸከማሉ፤ አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይቀበላል። የዝምታው ጅረት ካነሰ ግን በመቀባበያው ላይ ክፍተት ይፈጠራል። ይህ ጉድለት ጎልቶ የሚሰማው በጩኸቱ ጊዜ ሳይሆን፣ ዘፋኙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሚያንሾካሹክበት ጊዜ ነው።

ታዲያ ልጓሙን የሚይዘው ማን ነው? ፖቴንሽዮሜትር የሚባል ትንሽ ዕቃ ነው። ስሙ የመጣው ጀርመናዊው ዮሐን ክርስቲያን ፖገንዶርፍ በ1841 ለቮልቴጅ መለኪያነት ካስተዋወቀው መሣሪያ ነው። በአምፕሊፋየር ውስጥ ያለው ግን እጅግ ቀላል ነው፤ እንደ ፈረስ ኮቴ የተጠማዘዘ የካርቦን ጎዳና፣ በላዩ ላይም እየተንሸራተተ የሚነካው የብረት ምላስ። ምላሱ ወዲህ ሲል ልጓሙ ይጠብቃል፣ ወዲያ ሲል ይላላል።

የዚህች ትንሽ ዕቃ ታሪክ ከሁሉ ይበልጥ የሚያምረው በፊላደልፊያ ነው። ዴቪድ ሃፍለርና ኤድ ሎረንት በ1950ዎቹ አጋማሽ በዚያች ከተማ ዳይናኮ የተባለ ኩባንያ መሠረቱ። በ1959 ያወጡት ስቴሪዮ 70 በእያንዳንዱ ወገን 35 ዋት የሚሰጥ የቫልቭ አምፕሊፋየር ነበር። ገዢው በ99.95 ዶላር ዕቃዎቹን በካርቶን ይወስድና፣ መመሪያውን እያነበበ በቤቱ ጠረጴዛ ላይ ራሱ በይዶ ይገጣጥመዋል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ስቴሪዮ 70 ከፋብሪካና ከየቤቱ ጠረጴዛ ወጣ። የየቤቱ ሰው ግን መሐንዲስ አይደለም፤ ውድ መለኪያም የለውም። ባያሱን እንዴት ያስተካክል?

መልሱ ያለው በአንድ ቁጥር ላይ ነው፦ 1.56 ቮልት። ኢ ኤል 34 የተባሉት ሁለት ቫልቮች በዝምታ ጊዜ እያንዳንዳቸው 50 ሚሊአምፔር እንዲያሳልፉ ታስቧል፤ በድምሩ 100 ይሆናል። ይህ ጅረት በ15.6 ኦም ሬዚስተር ውስጥ ሲያልፍ 1.56 ቮልት ይሰጣል። እንግዲህ ለስሌት የሚቀለው 10 ወይም 15 ኦም ሆኖ ሳለ፣ ይህ የተሰባበረ ቁጥር ለምን ተመረጠ? ምክንያቱም አዲስ የባትሪ ድንጋይ የሚሰጠው ቮልቴጅ ይኸው 1.56 ስለሆነ ነው! ባለቤቱ ርካሽ ቴስተሩን ባያምነው፣ ከሱቅ አዲስ ድንጋይ ገዝቶ ይለካበታል፤ መርፌው የቆመበትን ቦታ ያስታውሳል፤ ከዚያም ካቻቢቴውን ይዞ፣ መርፌው እዚያው ቦታ እስኪደርስ ድረስ ፖቴንሽዮሜትሩን ያዞራል። የአንድ ትልቅ መሣሪያ ዳኛ የሁለት ሳንቲም ድንጋይ ሆነ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ሳላውቀው ፈገግ አልሁ። ለማያውቀው ሰው ማሰብ እንዲህ ነው፤ ግጥምም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ምን ያደርጋል?

ጊዜ ግን ለማንም አያዳላም። ካርቦኑ ከሙቀትና ከአቧራ የተነሣ ያረጃል፣ ምላሱም ይላላል። ምላሱ አንድ ቀን ጎዳናውን ከለቀቀ ግሪዱ ልጓሙን ያጣል፤ ቫልቮቹ ይቀላሉ፣ ከነርሱም አልፎ ውዱ ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ አሮጌ አምፕሊፋየር የሚያድሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይህችን ዕቃ ይለውጣሉ። ሥራው ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሣጥኑ ውስጥ ከ400 ቮልት በላይ አለ፤ ኮንደንሰሮቹም መሣሪያው ከተነቀለ በኋላ እንኳ ኃይል አምቀው ይቆያሉ። አዲሱ ፖቴንሽዮሜትር ከተበየደ በኋላ፣ መሣሪያው ከመለኮሱ በፊት፣ ልጓሙ እጅግ በጠበቀበት ጫፍ ላይ እንዲቆም ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ይላላል፤ መሣሪያው እስኪሞቅ ተጠብቆም እንደገና ይለካል። አዋቂዎች ደግሞ አንዲት ሬዚስተር ከምላሱ ወደ ኔጌቲቩ ጫፍ ይጨምራሉ። ይህች ሬዚስተር በደኅናው ቀን ሥራ የላትም ማለት ይቻላል። ምላሱ የከዳ ዕለት ግን ልጓሙ ከመበጠስ ይልቅ እንዲጠብቅ ታደርጋለች፤ ድምፁ ይበላሻል፣ ቤቱ ግን ይተርፋል።

ዘመነ ትራንዚስተር ሲመጣም ችግሩ አልቀረም። ማርላን በርንስ የተባለው አሜሪካዊ በ1952 በትንሽ ሣጥን የታሸገ፣ በብዙ ዙር የሚስተካከል ፖቴንሽዮሜትር አስተዋውቆ ነበር። በ1970ዎቹ ከተሠሩት የቤት አምፕሊፋየሮች ብዙዎቹ ግን ርካሹንና ክፍቱን የካርቦን ዓይነት ተሸክመው ወጡ። እዚህ ላይ የንድፉ ሰው አስተዋይነት ይለያል። ፖቴንሽዮሜትሩን በአንደኛው ቦታ ካስቀመጠው፣ ምላሱ ሲለቅ ጅረቱ ይቀንሳል፤ በሌላው ቦታ ካስቀመጠው ጅረቱ ያለ ገደብ ይንርና ትራንዚስተሮቹን ያነዳቸዋል። ዕቃው ያው፣ ዋጋውም ያው፤ ልዩነቱ «ይህ ነገር በተበላሸ ቀን ምን ይሆናል?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ብቻ ነው።

በቤታችን ከአባቴ የቀረ የዚያ ዘመን ትራንዚስተር አምፕሊፋየር አለ። የጥላሁንን ሸክላዎች ያሰማን እርሱ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የቀኙ ድምፅ እየሻከረ ሲሄድ አንድ ሽማግሌ ሬዲዮ ጠጋኝ ወደ ቤት አመጣሁ። ክዳኑን ከፍተው ሁለቱን ትንንሽ ፖቴንሽዮሜትሮች በካቻቢቴያቸው ጫፍ አሳዩኝና መለወጥ አለባቸው አሉ። እናቴ አልወደደችውም።

«አባቱ የነካውን ነገር ለምን ያወጡብኛል?» አለቻቸው።

«እትዬ፣» አሉ በትሕትና፣ «ይህችን ብናቆያት ሌላውን ሁሉ ይዛው ትሄዳለች።»

እናቴ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲያው አሮጌዎቹን አይጣሉብኝ» አለች። ዛሬ እነዚያ የባቄላ ፍሬ የሚያካክሉ ሁለት ዕቃዎች በብጣሽ ወረቀት ተጠቅልለው በሣጥኗ ውስጥ አሉ። አምፕሊፋየሩም ይዘፍናል።

አሮጌ ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች በዚህ ነገር ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ እያንዳንዷ ብሎን የተፈጠረችበት እንዳለች እንድትቆይ ይሻሉ። የእናቴን ስሜት ስላየሁ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ሠሪው ያቺን ፖቴንሽዮሜትር ያስቀመጠው መሣሪያው እንደሚለወጥ፣ ቫልቩም እንደሚያረጅ፣ አንድ ቀንም የሌላ ሰው እጅ እንደሚያስፈልገው ስላወቀ ነው። የምታስተካክለን ነገር ማስቀመጥ «ከእኔ በኋላ ለምትመጣው አደራ» ብሎ መተው ነው። አደራውን የሚጠብቅ ሰው ዕቃዋን ይለውጣል፤ ልኩን ግን አይለውጥም። 1.56 ያው 1.56 ነው። ግጥማችንም፣ ቋንቋችንም፣ ቤታችንም የሚቆዩት እንዲህ ይመስለኛል፤ ያረጀውን በጊዜ በመለወጥ፣ ልኩን በመጠበቅ።

ዘፈኑን ስንሰማ ዝምታውን ዘነጋን፣
ጠላውን ጠጥተን ማን አስታወሰ ጋን፤
ድምፅ ሁሉ ከኋላው ያቆመው አለና፣
ልጓም የያዘች ጣት ይድረሳት ምስጋና።

ቸር እንሰንብት።