ሰፈር ማን ያቅናው?

«ሰፈር» የምንለው ቃል መስፈር ከሚለው የመጣ መሆኑን ልብ የሚል ሰው ብዙ አይመስለኝም። ሰፈረ ማለት ጓዙን አወረደ፣ ድንኳኑን ተከለ ማለት ነው። አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መልኳ የጦር ሰፈር ነበር። መሐል ላይ ግቢው፣ በዙሪያው በየኮረብታው የመኳንንቱ ይዞታ፤ ከኮረብታው ሥር ደግሞ አሽከሩ፣ ወታደሩ፣ ባለ እጁ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች ከዚያ የቀሩልን ናቸው። ጌታውና ሎሌው፣ የድንጋዩ ቤትና የጭቃው ጎጆ በአንድ አጥር ሥር መክረማቸው የዚህች ከተማ ጠባይ ሆኖ ኖረ።

ይህን ጠባይ ለማስተካከል የተነሱት ሁሉ ከተማይቱን የተመለከቷት ከላይ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን እንደገባ ለኮርቡዚዬ የተባለው ስመ ጥር አርክቴክት አገራችንን ሳይረግጥ ለአዲስ አበባ ንድፍ ሠርቶ ለሙሶሊኒ ልኮ ነበር። በንድፉ ላይ የነበረው ሰፈር ሁሉ ተጠርጎ ሰፊ ጎዳና ተዘርግቶበታል። እሱስ ወረቀት ላይ ቀረ። ጣልያኖቹ ግን ነጩንና ጥቁሩን ለመለየት አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፉት፤ መርካቶ የተወለደው እንዲህ ነው። ከነጻነት በኋላም በ1940ዎቹ ማብቂያ እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ፣ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ፈረንሳዊው ደ ማሪያን ማስተር ፕላን አወጡ። ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ወደ ለገሃር የሚወርደው ጎዳና የዚህ የሁለተኛው ሰውዬ ሐሳብ አከርካሪ ነበር። እነዚህን ካርታዎች ያየ ሰው አደባባይ ያገኛል፣ የቀለበት መንገድ ያገኛል። አብዛኛው ሕዝብ የሚኖርበትን ጭቃ ቤት ግን በመፍረስ ካልሆነ በቀር አያገኘውም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47 አወጣ። የወር ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ፤ ኪራዩም እንደየመጠኑ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ተከራይ የነበረ ሰው በዚያ ሰሞን የተሰማውን ደስታ ማንም ሊክደው አይገባም። ዳሩ ግን ቀበሌ የተረከበው ቤት አብዛኛው ቀድሞውንም ያረጀ ነበር። ኪራዩ ዝቅ ብሎ ለአሥርተ ዓመታት ሳይነቃነቅ በመቅረቱ ደግሞ ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ ጠፋ። ተከራዩም በራሱ ወጪ አንዲት ክፍል ልቀጥል ቢል የቀበሌን ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። ቤቱ የሁሉም ስለሆነ የማንም ሳይሆን ቀረ።

የቀበሌ ነገር ሲነሳ ሳይጠቀስ የማይታለፍ ጉዳይ አለ። ሕዝቡ ተሰብስቦ ስለ ቦይና ስለ ቦኖ እንዲመክርበት የተቋቋመው ጽሕፈት ቤት በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የአሳሽ ጠመንጃና የእስረኛ ክፍል ያለበት ቤት ሆኖ ነበር። በዚያ ዘመን ልጁን ያጣ ሰው ስለ ሰፈር ልማት ለመነጋገር ወደዚያው አዳራሽ ተመልሶ ለመግባት ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቀው እናስበው። ከዚህ በታች የማወጋው ሥራ የተሠራው እንዲህ ባለው ጥላ ሥር ነው።

በ1970ዎቹ የኖርዌይ የሕፃናት አድን ድርጅት፣ ሬድ ባርና፣ በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለ አንድ ችግረኛ ቀበሌ ውስጥ ሥራ ጀመረ። በዚሁ ሥራ ውስጥ ከነበሩት አንዷ ሲስተር ጀምበር ተፈራ ናቸው። ሲስተር ጀምበር የተማሩት ነርስነት ነው፤ ባለቤታቸው በንጉሡ ዘመን የአዲስ አበባ ከንቲባ ነበሩ፤ እሳቸውም በደርግ ጊዜ አምስት ዓመት ታስረዋል። ከቤተ መንግሥት ወገን የተወለዱ ሴት ከእስር ወጥተው የሥራ ቦታቸውን በከተማይቱ እጅግ ድሃ በሆነው ሰፈር ማድረጋቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል። በኋላም፣ በ1980ዎቹ መግቢያ ላይ፣ ሥራው ወደ ሌሎች ቀበሌዎች እንዲሰፋ የራሳቸውን ፕሮጀክት አቋቋሙ። አካሄዱ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ የያዘ ነበር፦ ቤትና አካባቢን ማደስ፣ ጤና፣ እንዲሁም የኅብረተሰብ ልማት። አንዱን ነጥሎ መሥራት ትርፉ ድካም ነው የሚል እምነት ነበራቸው።

ለምን እንደሆነ ከራሴ የልጅነት ሰፈር ተነስቼ ላስረዳ። ያደግሁት በቀበሌ ቤት ነው። ጭቃ ቤት የሚወድቀው ሰው እንደሚያስበው ከላይ ሳይሆን ከታች ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ቢዝግም ይቆያል፤ ግድግዳው በጭድና በጭቃ በየጊዜው ከተመረገ ዕድሜ አለው። የሚገድለው እርጥበት ነው። ክረምት ሲገባ የጎረቤት እጣቢና የዝናቡ ጎርፍ ግድግዳው ሥር ይተኛል፤ የቋሚው እግር ይበሰብሳል፤ ከጊዜ በኋላ ቤቱ ወደ አንድ ጎን ያዘማል። እንግዲህ ቦይ ሳይቆፍሩ ግድግዳ መምረግ ገንዘብን ጭቃ ውስጥ መጣል ነው። ቦዩን ለመቆፈር ደግሞ መተላለፊያው መስተካከል አለበት። መተላለፊያው ካልሰፋ የሽንት ቤት መጣጭ መኪና አይጠጋም፤ መኪናው ካልተጠጋ ጉድጓዱ ሞልቶ ወደ ቦዩ ይፈሳል፤ ልጆች በሆድ ዕቃ ይታመማሉ። ልጇን ይዛ ጤና ጣቢያ የምትመላለስ እናት ሥራዋን ትፈታለች፤ ሥራ የፈታች ኪራይም መዋጮም አትከፍልም። የአንዲት ነርስ ዓይን ይህን ሰንሰለት ከመሐንዲስ ዓይን ቀድሞ ቢያየው አይደንቅም።

በዚህ ዓይነት ሥራ ዋናው ክርክር ስለ ሲሚንቶ አይደለም። አጥሩን ግማሽ ሜትር ወደ ውስጥ የሚያስገባው ማነው? ሽንት ቤቱ በማን መስኮት ትይዩ ይቆፈር? በእኛ ግቢ ለአራት ቤተሰብ አንድ የሽንት ቤት በር፣ አንድ ቁልፍ ነበር፤ ቁልፉ ሰኞ የማን፣ ማክሰኞ የማን እንደሆነ እያንዳንዱ ልጅ ያውቅ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ማዘጋጃ ቤት ተቀምጦ የሚነድፈው ሰው የለም። የሚያውቁት ጎረቤታሞቹ ናቸው። የእድር ዳኛ፣ የጠበል ጽዋ ማኅበርተኛ፣ ዕቁብ ሰብሳቢዋ እናት ናቸው አጥሩን የሚያስገፉት። በጉልበትም፣ በጥቂት ብርም ያዋጣ ነዋሪ ቦዩ በቆሻሻ ሲደፈን ዝም ብሎ አያልፍም።

ችግሩ ምን ያህል ሰፊ እንደነበረ ለማወቅ የ1987 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራን ማየት ይበቃል። ሕዝቧ ሁለት ሚሊዮን ባለፈው በዚህች ከተማ ከአምስት ቤት አራቱ የእንጨትና የጭቃ ነበር፤ ሩቡ ያህሉም ምንም ሽንት ቤት አልነበረውም። በጥቂት ቀበሌዎች የተሠራው ሥራ ከዚህ አንጻር ጠብታ ነው ቢባል እውነት ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ጉድለት ማነሱ አይደለም። ነዋሪው መሬቱንም ቤቱንም እንዳልያዘ፣ በእጁ ያለው የኪራይ ደረሰኝ ብቻ እንደሆነ መቅረቱ ነው። ቦዩን ቆፈረ፣ ግድግዳውን መረገ፣ ኩሽናውን አቆመ፤ በሕግ ፊት ግን ያው ተከራይ ነው።

ይህም የታየው ከተማይቱ መሐሏን ማፍረስ ስትጀምር ነው። በ1996 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ግንባታ ተጀመረ፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ልደታና ባሻ ወልዴ ችሎት ተነሱ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 455 የሚያውቀው ባለንብረትን ነበር። የቀበሌ ተከራይ የሚሰጠው ምትክ ነበር፤ ቅድሚያ ክፍያውን ለመክፈል አቅም ያለው ኮንዶሚኒየም ይገባ ነበር፣ የሌለው ሌላ የቀበሌ ቤት ይፈለግለት ነበር። ኮንዶሚኒየሙ ደረሰው ተብሎ ከተጨበጨበለት ውስጥ የወሩ ክፍያ ከብዶት ቤቱን አከራይቶ ራሱ ወደ ዳር የወጣው ቀላል አይደለም። አዲሱ ቤት ንጹሕ ውሃና የግል ሽንት ቤት ያለው መሆኑን አልክድም፤ በዚያ በአንድ ቁልፍ ያደገ ሰው ይህን ሊያቃልል አይችልም። ይሁን እንጂ ጉሊት ቸርችራ፣ እንጀራ ጋግራ ለጎረቤት ሸጣ የምታድር ሴት ከገበያዋ ስትርቅ ያጣችውን የሚመዘግብ ቅጽ አላየሁም።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ጭምር፣ በኮሪደር ልማት ተነሳ። በ2017 መጀመሪያ ካሳንቺስ ተከተለ፤ ብዙ ነዋሪም ገላን ጉራ ገባ። ሰፈሩ አይነካ የሚሉ ሰዎች ሐሳብ አይገባኝም፤ ቦዩ የሞላበትን ግቢ ከሩቅ ሆነው ነው የሚናፍቁት። ጥያቄዬ ሌላ ነው። የአጥሩን ግማሽ ሜትር ለመግፋት ሰው ሁሉ ይጠየቅ ከነበረ፣ ሰፈሩ ሙሉ በሙሉ ሲነሳ የሚጠየቀው ማነው?

ሰፈር ሲነሳ ደግሞ ከሁሉ የሚያስቸግረው የእድሩ ዕቃ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሳህኑ በሠላሳና በአርባ ዓመት መዋጮ የተገዛ ነው። አባላቱ ግማሹ ወደ ገላን፣ ግማሹ ወደ ሌላ ዳርቻ ሲሄዱ መዝገቡን ለሁለት መቅዳት ይቻላል። ድንኳኑን ግን ወደ አንዱ ወገን መጫን ግድ ነው።