ስንኝ በሣር ላይ

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ቶኪዮ። በብሔራዊው ስታዲየም የተሰበሰበው ሕዝብ አንድ ቀጭን ሰው ብቻውን ሲገባ አየ። ሰውየው የመጨረሻዋን መስመር በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ አለፋት። እስከዚያች ቀን ድረስ ማራቶንን እንዲህ ፈጥኖ የሮጠ ሰው አልነበረም። ተመልካቹ ቀጥሎ የሚሆነውን የሚያውቅ መስሎት ነበር። ማራቶን የጨረሰ ሰው ይዝለፈለፋል፤ ደጋፊ ይሻል፤ ብርድ ልብስ ይደረብለታል። አበበ ቢቂላ ግን ወደ መካከለኛው ሣር ዘለቀና ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ጎንበስ ብሎ የእግሩን ጣቶች ነካ፤ በጀርባው ተንጋልሎ እግሮቹን ወደ ሰማይ አነሣ፤ ተነሥቶም በቆመበት ረገጠ። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ባሲል ሂትሊ እስኪደርስ ድረስ ከአራት ደቂቃ በላይ ጊዜ ነበረው። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣም ገና አምስት ሳምንቱ ነበር።

ስለ እነዚያ ደቂቃዎች ብዙ ተብሏል። አንዳንዱ እንደ ቀልድ፣ አንዳንዱ እንደ ኩራት፣ አንዳንዱም ተፎካካሪን እንደ መናቅ ወስዷቸዋል። በግጥም ወዳጅ ልብ ውስጥ ግን ሌላ ጥያቄ ይጭራሉ። ውድድሩ አልቋል፤ ወርቁም ባለቤቱን አውቋል። ታዲያ ከዚያ በኋላ የተደረገው እንቅስቃሴ ለማን ነበር? ከየትስ መጣ? መልሱን ፍለጋ ከቶኪዮ ወደ ስቶክሆልም፣ መቶ ኀምሳ ዓመትም ወደ ኋላ መጓዝ ግድ ይላል። በዚያ የሚጠብቀን ሰው ደግሞ፣ ነገሩ ይገርማል፣ ገጣሚ ነው።

ፔር ሄንሪክ ሊንግ በ1776 እ.ኤ.አ. በደቡብ ስዊድን ከአንድ የገጠር ቄስ ቤት ተወለደ። ወላጆቹን ያጣው ገና በልጅነቱ ነው። ነገረ መለኮት ተማረ፤ ኋላም ባሕር ተሻግሮ ኮፐንሃገን ሰነበተ። እዚያ ሁለት ፍቅሮች ያዙት፤ የጥንት ሰሜናውያን አፈ ታሪክና የጎራዴ ፍልሚያ ጥበብ። ክንዱን ያሠቃየው የነበረው ሕመም በጎራዴው ልምምድ እየቀለለ መሄዱን ባስተዋለ ጊዜ፣ ሰውነት በእንቅስቃሴ ሊጠነክር ብቻ ሳይሆን ሊድንም ይችላል የሚል ሐሳብ አደረበት። በ1805 እ.ኤ.አ. በሉንድ ዩኒቨርሲቲ የጎራዴ መምህር ሆነ። ቀን ወጣቶችን እያሠለጠነ የሰውን አካል አሠራር አጠና፤ የአማልክትንና የጀግኖችን ታሪክም በግጥም ጻፈ።

ዘመኑ ለስዊድን የውርደት ዘመን ነበር። በ1809 እ.ኤ.አ. ፊንላንድን ለሩሲያ አስረክባ ከግዛቷ ሲሶ የሚሆነውን አጣች። ሊንግ የተሰበረውን ሕዝብ በሁለት እጁ ሊያነሣ ተነሣ፤ መንፈሱን በግጥም፣ ሥጋውን በጂምናስቲክ። በ1813 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ፈቃድ በስቶክሆልም የጂምናስቲክ ማዕከላዊ ተቋም መሠረተ። በ1835 እ.ኤ.አ. በስነ ጽሑፍ ሥራው የስዊድን አካዳሚ አባል ሆነ፤ ከአራት ዓመት በኋላም ዐረፈ። ተቋሙ ስሙን ለውጦ ዛሬም ስቶክሆልም ውስጥ ያስተምራል። ረጃጅም ግጥሞቹን ግን በገዛ አገሩም የሚያነባቸው ጥቂት ነው። ብዕር ለያዘ ሁሉ መራራ ዕጣ ይመስላል፤ የጻፈው ተረስቶ፣ ያስቆመውና ያጎነበሰው ሰውነት ዓለምን ዞረ።

ሊንግ ጂምናስቲክን በአራት ከፈለው። አንደኛው የትምህርት ነው፤ ሰው የገዛ አካሉን በገዛ ፈቃዱ ሥር እንዲያደርግ። ሁለተኛው የጦር፤ ሦስተኛው የሕክምና። አራተኛውን የውበት ክፍል አለው፤ ሰው ሐሳቡንና ስሜቱን በአካሉ የሚገልጽበት። በሦስቱ ላይ እሱም ተማሪዎቹም ብዙ ደከሙ። ትምህርት ቤቱ የመጀመሪያውን፣ ሠራዊቱ ሁለተኛውን፣ ሐኪም ቤቱ ሦስተኛውን ወሰደ። አራተኛው ሳይስፋፋ ቀረ። ገጣሚ በመሠረተው ትምህርት ውስጥ ለግጥም እጅግ የቀረበው ክፍል ባዶ ገጽ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

በዚያው ዘመን በናፖሊዮን ጦር በተደቆሰችው ፕሩሲያም ተመሳሳይ ነገር ይበቅል ነበር። ፍሪድሪኽ ሉድቪግ ያን በ1811 እ.ኤ.አ. በርሊን አጠገብ ሐዘንሃይደ በተባለ ስፍራ ወጣቶችን ሰብስቦ በአግዳሚና በትይዩ ዘንጎች ላይ እንዲንጠለጠሉ አስተማረ። በኋላ ግን መንግሥት የወጣቶቹን የነፃነት ወሬ ፈራ፤ ከ1820 እስከ 1842 እ.ኤ.አ. እንቅስቃሴው በፕሩሲያ ታገደ። ዘንግ ሊነቀል፣ ሜዳም ሊዘጋ ይችላል። የሊንግ መንገድ በአንጻሩ ከመሣሪያው ይልቅ በሰውየው ላይ ያተኮረ ነበር፤ ሁለት እግር የሚያቆም መሬት ካለ ትምህርቱ አለ። ለዚህም ነው በቀላሉ የተጓዘው። በስቶክሆልም የተማረችው ማርቲና በርግማን ኦስተርበርግ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ለንደን ወስዳው፣ አካላቸው በጠባብ ቀሚስ ታስሮ ለሚያድጉ ልጃገረዶች መምህራንን አፈራችበት።

ለመሆኑ ያለ ብረት ብርታት እንዴት ይገኛል? እኔ ቀኑን ሙሉ በወንበር ተቀምጬ የሰው ገንዘብ የምቆጥር ሰው ነኝና በማውቀው ልመስለው። ብረት የሚያነሣ ሰው ክብደቱን ከውጭ ይበደራል፤ በሰውነቱ የሚሠራ ግን ከራሱ ያወጣል። ፑሽ አፕ የሚሠራ ሰው በእጆቹ ላይ የሚያርፍበት ከመላ ክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ያህል ነው። ጉልበቱን መሬት ቢያስነካ ወደ ግማሽ ይቀንስለታል፤ እግሮቹን ወንበር ላይ ቢሰቅል ይከብድበታል። ሰውየው ያው ነው፤ የተለወጠው አቀማመጡ ብቻ ነው። መተጣጠፍም እንዲሁ በጉልበት አይገኝም። የጠነከረ ጅማትና ጡንቻ በኃይል ሲጎትቱት ይቆጣል፤ በቀስታ ሲያባብሉት፣ ከቀን ወደ ቀን፣ ጥቂት በጥቂት ይለቃል። ግጥም ለሚጽፍ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ቃል ሳይጨመር፣ ቦታው ብቻ ሲለወጥ ስንኝ የሚከብድበትን ምሥጢር ያውቀዋልና።

ነገር ግን ታሪኩን በውዳሴ ብቻ መሙላት አይገባም። የሊንግ ልጅ ያልማር ሊንግ የአባቱን እንቅስቃሴዎች በሥርዓት መድቦ በሠንጠረዥ አደራጀ። ይህ ለመምህራን በጀ፤ ሥራው ግን በትእዛዝ የሚሄድ ሆነ። አስተማሪው ይጮኻል፣ ረድፉ በአንድነት ይታጠፋል፣ በአንድነት ይቃናል። ግትር ነው፣ ደረቅ ነው የሚል ነቀፌታም ተከተለው። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ነው። አንድ እንቅስቃሴ በማን ፈቃድ እንደሚደረግ ካላወቅን ምን እንደሆነ አናውቅም። ብዙዎቻችን ቁጭ ብድግን መጀመሪያ ያወቅነው በትምህርት ቤት ቅጣት ነው፤ ጆሮን ይዞ፣ በጓደኛ ፊት። ያው ጉልበት መታጠፍ በዐቢይ ጾም ስግደት ላይ ሌላ ነው፤ የሚሰግደው ሰው ጡንቻ አይፈልግም፣ ምሕረት ይፈልጋል። በማለዳ ከቤቱ ወጥቶ በፈቃዱ ለሚሠራው ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። ጉልበቱ ያው ጉልበት ነው፤ ፍቺውን የሚሰጠው ፈቃዱ ነው።

የስዊድን እጅ ወደ አገራችን የመጣውም በመጀመሪያ በትእዛዝ በኩል ነበር። በጥር 1927 ዓ.ም. የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በቪኪንግ ታም በሚመሩ የስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት ሥራ ጀመረ፤ ከዘጠኝ ወር በኋላ የፋሺስት ጦር ድንበር ጣሰ። ከነፃነት በኋላ ስዊድናውያን ዳግመኛ መጡ። ከእነርሱ አንዱ በፊንላንድ ተወልዶ በስዊድን ያደገው ኦኒ ኒስካነን ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. መጥቶ በክብር ዘበኛ የሰውነት ማጎልመሻ አስተማረ። ከሠለጠኑት ወታደሮች መካከል ከደብረ ብርሃን አካባቢ የመጣ አንድ ዝምተኛ ወጣት ነበር። ይህ ወጣት ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያደረገውን ዓለም ያውቀዋል።

አበበ በቶኪዮ ሣር ላይ ያደረጋት እያንዳንዷ መታጠፍ ከሊንግ መጽሐፍ የተቀዳች ናት ብሎ መማል ታሪክን ማጣመም ነው። የኢትዮጵያ ደጋ፣ የወታደር ቤት ልማድ፣ የአሠልጣኙም እጅ ሁሉም በዚያ ሰውነት ውስጥ አሉ። ግን ሰንሰለቱ እውነተኛ ነው፤ ስዊድናዊው ባህል በአሠልጣኝ ተሸካሚነት ክብር ዘበኛ ሜዳ ደርሷል። የሚደንቀው በመንገድ የሆነው ለውጥ ነው። በትእዛዝ የተማረውን ሰውነት፣ ወታደሩ ማንም ሳያዘው ለራሱ አደረገው። እነሆ ባዶ ሆኖ የቀረው አራተኛው ክፍል! ያልታዘዘ፣ ያልተሸለመ፣ ሰውን ብቻ የሚናገር እንቅስቃሴ።

በዚያው ስታዲየም፣ በዚያው ሰዓት፣ የዚህ ተቃራኒም ታየ። ጃፓናዊው ወታደር ኮኪቺ ቱቡራያ ሁለተኛ ሆኖ ገብቶ በአገሩ ሕዝብ ፊት፣ በመጨረሻው ዙር፣ በሂትሊ ተቀደመና የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። ለሌላው ክብር የሆነው ለእሱ በአገር ፊት የተፈጸመ በደል መሰለው። ዕዳውን በሚቀጥለው ኦሊምፒክ ሊከፍል ቃል ገባ፤ ሰውነቱ ግን በጉዳት ላይ ጉዳት ተደራረበበት። በጥር ወር 1968 እ.ኤ.አ.፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። አካል ሙሉ በሙሉ የሌላ ሲሆን፣ ባለቤቱ ማረፊያ ያጣበታል። ሁለቱም ወታደሮች ነበሩ፤ ሁለቱም የአገር አደራ ተሸክመው ሮጡ። አንደኛው ሣሩ ላይ ደርሶ ሸክሙን ለጥቂት ደቂቃ አወረደ፤ ሌላኛው ማውረጃ ቦታ አላገኘም።

የአበበም ታሪክ በሣሩ ላይ አላበቃም። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ አከርካሪው ተጎዳ። ለሕክምና የተወሰደው ወደ እንግሊዙ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ነበር። እዚያ ከናዚ የሸሸው አይሁዳዊ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ከ1944 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ሞታቸው ይጠበቅ የነበሩትን የአከርካሪ ጉዳተኞች በእንቅስቃሴ ወደ ሕይወት ይመልስ ነበር። በዚህ ሕክምና ውስጥ ከሊንግ ሦስተኛ ክፍል ጋር የሚዛመድ አንድ ትንሽ ልምምድ አለ። በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ ሰው መዳፎቹን ደግፎ የገዛ አካሉን ከመቀመጫው ያነሣል፤ ገላው እንዳይቆስል። ለሩጫ አይደለም፤ ለሜዳሊያም አይደለም። ሰው የራሱን ክብደት በራሱ ክንድ ለጥቂት ጊዜ ወደ ላይ መሸከሙ ነው። ከዚህ ያነሰ ልምምድ የለም፤ ከዚህ የሚበልጥም ያለ አይመስለኝም።

አበበ በእግሩ ዳግመኛ አልቆመም። ክንዱን ግን ሥራ አላስፈታውም። በ1970 እ.ኤ.አ. በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ በዓመቱም ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ በ41 ዓመቱ፣ ከዚህ ዓለም ተለየ።

ብርታት የምንለው የጡንቻን ውፍረት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ በመጋቢቱ ሌሊት ባበቃ ነበር። መተጣጠፍ የምንለውም እግርን ከጭንቅላት በላይ መስቀል ብቻ ቢሆን እንዲሁ። ሮም ላይ በባዶ እግር፣ ቶኪዮ ላይ በጀርባ ተንጋልሎ፣ ስቶክ ማንዴቪል ላይ በክንድ ተደግፎ የታየው ግን አንድ ሰው ነው፤ በቀረለት አካል ልክ ፈቃዱን ያጠፈና ያቃና። ያ የስዊድን ገጣሚ ይህን ቢያይ ያልጻፈውን ክፍል ሌላ ጽፎለት ባገኘው ነበር። እኔም በአቅሜ ይህችን ለአበበ ቋጠርኩ፤

ብረት ሳይጨብጥ፣ ወርቅ ሳይመዝን፣
ሣር ላይ ተንጋልሎ ነፃ ሰው ሲሆን፣
እግሩን ለሰማይ እንደ ብዕር ሰጥቶ፣
የራሱን ክብደት በራሱ አንሥቶ፣
አራት ደቂቃ ጻፈ በአየር ላይ፤
ቀለም የሌለው፣ ለዓይን ግን የሚታይ።
እግሩ ሲታሰር ክንዱ ቀጠለው፤
ስንኝ አይቆምም ቤት መምቻ ሳለው።